ለመሆኑ የፈጠራ ባለቤት ማን ነው?

ዛሬ የማነሣው ጥያቄ መነሻው አንድ የማሳ ማስፈራሪያ ነው። ነገሩ የልጅ ጨዋታ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል፤ ለእኔም መጀመሪያ ላይ የታየኝ እንደዚያው ነበር። ይሁን እንጂ በዚሁ ማስፈራሪያ ሰበብ ለአንድ ወጣት የሰጠሁት ምክር ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ጥያቄ አንድ ዓመት ሙሉ ዕረፍት ነስቶኛል። ምክሩን የሰጠሁት ደግሞ ለባዕድ ሳይሆን ለገዛ እህቴ ልጅ ነው።

እኔ የአዊ ዞኗ አዘና ተወላጅ ነኝ። የአዊ ስም ሲነሣ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው ፈረሱን ነው፤ እኔ ግን የምጽፈው ስለ ዝንጀሮ ነው። በእኛ አካባቢ በቆሎው መድረሱን ከገበሬው ቀድሞ የሚያውቀው ዝንጀሮ ነው። ስለሆነም በቆሎው እሸት መያዝ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ተሸልቅቆ ጎተራ እስኪገባ ድረስ ማሳው መሐል የእንጨት ማማ ይቆማል፤ ማማው ላይ የሚወጣው ደግሞ ልጅ ነው። ወንጭፉንና ጅራፉን ይዞ ከማለዳ እስከ ምሽት እዚያው ይውላል። ይህ የሚሆነው ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ሰሞን መሆኑን ልብ በሉልኝ። በመምህርነት ባሳለፍኳቸው ዓመታት በስም መጥሪያው ላይ «የለም» ብዬ የጻፍኩባቸውን ልጆች ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ማማ ላይ ቆመው በዓይኔ አያቸው ነበር። እነሱም ያዩኛል፤ አንዳንዱ እጁን ያወዛውዝልኛል።

የእህቴ ልጅ የሠራው ይህንን ማማ ለመተካት ነው። ከጋራዥ ከተጣለ የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ሞተር፣ ከአሮጌ የሞተር ብስክሌት ባትሪ፣ እንቅስቃሴን ከሚያውቅ ትንሽ ሴንሰርና ከመዳፍ ከማትበልጥ አርዱዊኖ ከምትባል የኮምፒውተር ሰሌዳ አንድ ካፖርት የለበሰ የእንጨት ሰው ገጣጠመ። ዝንጀሮው ሲጠጋ የእንጨቱ ሰው ሁለት እጁን ያወናጭፋል፤ ደረቱ ላይ የተሰካው ድምፅ ማጉያም ይጮሃል። ድምፁ የእናቴ ነው። በአውኚ ነው የምትጮኸው፤ ጩኸቷን ልጁ በሞባይሉ ቀድቶ አስገባው።

ለሦስት ቀን ዝንጀሮዎቹ ዝር አላሉም። በአራተኛው ቀን ግን ከማስፈራሪያው እግር ሥር ተቀምጠው በቆሎ ሲግጡ ተገኙ። ልጁ ሊያለቅስ ደረሰ። እናቴ ሳቀችና እንዲህ አለችው፦ «ዝንጀሮ የሚፈራው የማያውቀውን ነው። እኛ ማማ ላይ ስንውል አንድ ጩኸት ሁለት ጊዜ አንጮህም ነበር። አንዴ እንደ ሴት፣ አንዴ እንደ ወንድ፤ አንዳንዴ ደግሞ የሌለን መስለን ዝም እንልና ቀረብ ሲል በድንጋይ ነው የምናገኘው።»

ልጁ ሳምንት ሙሉ ደጅ አልወጣም። ሲወጣ ማሽኑ ሌላ ማሽን ሆኗል። የጎረቤቱን፣ የሕፃናቱን፣ የውሻውን ድምፅ ጨምሮበታል። አንዱን ሁለት ጊዜ አያከታትልም። አንዳንዴ ሆን ብሎ ዝም ይላል። ከዚህም አልፎ ዝንጀሮው በየትኛው ድምፅ ቶሎ እንደሸሸና በየትኛው እንደዘገየ ይመዘግባል፤ የተለመደበትን ድምፅ ለጊዜው ይተወዋል። ሰውና ማሽን፣ አውሬና ማሽን እየተሰማሙ ወይም እየተታለሉ የሚሠሩበትን ይህን ዘዴ የውጭዎቹ ትልቅ የዕውቀት ዘርፍ አድርገው በየዩኒቨርሲቲው ያስተምሩታል። የእኛው ልጅ የተማረው ከአያቱ ነው።

ብዙም ሳይቆይ የተማሪዎች የፈጠራ ሥራ የሚታይበት ኤግዚቢሽን ተጠራ። ልጁ ወደ እኔ መጣና «ጋሼ፣ ልውሰደው ወይስ ይቅር? እርስዎ ይንገሩኝ» አለኝ።

እኔም «ተው ልጄ፣ ለሰው አታሳይ። የዛሬ ሰው ዓይኑ ይሰርቃል» አልኩት።

ሰማኝ። ማስፈራሪያውን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎ ከጎተራው ጀርባ አቆመው። በዚያው ክረምት ማግሥት የጎረቤቶቻችን ልጆች እንደ ወትሮው ማማ ላይ ወጡ። ጠዋት ጠዋት በሥራቸው ሳልፍ ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ። ጆንያውን መልሰን ስንፈታው ደግሞ ሽቦውን አይጥ በልቶታል።

ለምን እንደዚያ አልኩት? ፍርሃቴ መሠረት አልነበረውም ማለት አልችልም። የደካማ ሰው ሥራ በጉልበተኛ እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን አይተናል። ነገር ግን መደበቅም የራሱ ታሪክ አለው። በልጅነቴ በአዘና አንድ አንቱ የተባሉ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። እሳቸው የቀጠቀጡት ማረሻ ከሌላው እጥፍ ዘመን ያርሳል ይባል ነበር። የጋለውን ብረት ውኃ ውስጥ የሚነክሩበት ሰዓት ሲደርስ ግን ወናፉን የሚነፋላቸውን ልጅ ሳይቀር ከቤት ያስወጡታል። ብልሃቱን ለልጃቸውም አላሳዩም፤ «ሲደርስ ይደርሳል» ይሉ ነበር። አልደረሰም። አንድ ሌሊት ታመው በማግሥቱ አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው። ያ ማረሻ ከእሳቸው ጋር ተቀበረ። ሰውዬውን የዘረፋቸው የለም፤ ብልሃቱ ግን ጠፍቷል። ዕውቀትን ተጠይቆ ስለሚደብቅ ሰው በሐዲስ የመጣውን ማስጠንቀቂያ ከመድረሳ ጀምረን ስንሰማው ያደግን ሰዎች መሆናችንን ሳስብ፣ ለእህቴ ልጅ የሰጠሁት ምክር የዚያኑ ቀጥቃጭ መንገድ እንደነበር ይገባኛል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ሰው ታሪክ ላንሣ። አል ጀዘሪ በዛሬዋ ቱርክ ዲያርበኪር ከተማ ለአርቱቂድ መሳፍንት በኢንጂነርነት ያገለገለ ሙስሊም ነው። በ602 ሂጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1206 ባጠናቀቀው ኪታቡ 50 ያህል መሣሪያዎችን ከነሥዕላቸውና ከነልኬታቸው ጽፎ አስቀምጧል። የዝሆን ቅርጽ ያለው የውኃ ሰዓት አለ፤ ጀልባ ላይ ተቀምጠው በውኃ ኃይል ከበሮ የሚመቱ አሻንጉሊቶች አሉ። መስፍኑ ለውዱእ አገልጋይ ውኃ እንዲያፈስለት የማይወድ ሰው ነበርና፣ ውኃውን የሚያፈስለት ማሽንም ሠራለት። ዛሬ ሮቦት ለሚባለው ነገር ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች የእሱን ስም ሳያነሡ አያልፉም።

እኔን የገረመኝ ግን ማሽኖቹ አይደሉም፤ አጻጻፉ ነው። የቀደሙትን የበኑ ሙሳ ወንድማማቾችን ሥራ ያነሣል፤ ከአርኪሜዲስ የተላለፈ ነው ከተባለው የውኃ ሰዓት ምን እንደወሰደ ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ የራሱን ያክላል። አንድ የእጅ ባለሙያ ያንብበውና ይሥራው ብሎ ነው የጻፈው። እውነትም እ.ኤ.አ. በ1976 በለንደን የእስልምና ዓለም ፌስቲቫል ሲከበር፣ ባለሙያዎች ከዚያው ኪታብ ተነሥተው ትልቁን የውኃ ሰዓቱን እንደገና ሠርተው ለሕዝብ አሳይተውታል። ከ770 ዓመት በኋላ ማለት ነው! የአዘናው ማረሻ ግን አርባ ቀን አልቆየም።

«አል ጀዘሪማ የሚቀልበው መስፍን ነበረው፤ የእኛን ልጅ ማን ይቀልበዋል?» የሚል አይጠፋም። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ፓተንት የሚባለው ነገር የተፈጠረውም ለዚሁ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው። ብዙዎቻችን ፓተንት ሲባል መደበቂያ ይመስለናል። ተቃራኒው ነው። ፓተንት ስምምነት ነው፦ ፈጣሪው ምስጢሩን አንድ ባለሙያ አንብቦ ሊሠራው በሚችልበት ደረጃ ጽፎ ለመንግሥት ያስረክባል፤ መንግሥትም በምላሹ «ለእነዚህ ዓመታት ካለ አንተ ፈቃድ ማንም እየሠራ አይሸጥብህም» ይለዋል። ዓመቱ ሲያልቅ ሥራው የሁሉም ይሆናል። ምስጢሩን መደበቅ የፈለገ ሰው ፓተንት መጠየቅ አይችልም ማለት ነው።

የሮቦትና የኮምፒውተር ታሪክም በዚሁ ስምምነት የተሞላ ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ዴቮል እ.ኤ.አ. በ1954 ያመለከተበት የማሽን ክንድ ፓተንት በ1961 ተሰጠው። በዚያው ዓመት ዩኒሜት የተባለው ክንድ ኒው ጀርሲ በሚገኝ የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ገብቶ ለሠራተኛ አደገኛ የነበረውን የጋለ ብረት ማንሣት ጀመረ። ሐሳቡን ወደ ፋብሪካ ያስገባው በ1956 በአንድ ግብዣ ላይ ያገኘው ጆሴፍ ኢንግልበርገር የተባለ መሐንዲስ ነው። ዴቮል በፓተንቱ ተጠቅሟል፤ ዓለምም ተጠቅማለች።

ሁሌም ግን እንደዚህ አይሆንም። ዛሬ በየቢሮው ጠረጴዛ ላይ ያለውን ማውስ ያሰበው ዳግላስ ኢንግልባርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያዋን የእንጨት ማውስ በእጁ የሠራት የሥራ ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ ነበር። በ1968 ኢንግልባርት ሰው ከኮምፒውተር ጋር ፊት ለፊት እየተነጋገረ ሲሠራ ለሕዝብ አሳየ፤ በ1970 ፓተንቱ ወጣ። በፓተንቱ ላይ በፈጣሪነት የተጻፈው የኢንግልባርት ስም ብቻ ነው፤ ባለቤትነቱ ደግሞ የቀጠረው የምርምር ተቋም ሆነ። ተቋሙ የነገሩን ዋጋ አላወቀውም ነበርና በ40 ሺህ ዶላር ገደማ ለአፕል ኩባንያ እንደፈቀደ ኢንግልባርት ራሱ ከጊዜ በኋላ ተናግሯል። ለእሱ ከሽያጩ የደረሰው ነገር የለም። ፓተንቱ በ1987 ዘመኑ አለፈ፤ ማውስ የዓለምን ጠረጴዛ የሞላው ከዚያ በኋላ ነው። ያሰበው አንድ፣ የሠራው ሌላ፣ ወረቀቱን የያዘው ሌላ፣ የበለጸገበት ደግሞ ሌላ ማለት ነው። ታዲያ የፈጠራ ባለቤት ማን ነው?

ይህ ጥያቄ ወደ እኛም አገር መጥቷል። በ2005 ዓ.ም. ጌትነት አሰፋ የተባለ ኢትዮጵያዊ ወጣት ከአሜሪካዊው የኮምፒውተር ሊቅ ቤን ጎርትዘል ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ላይ አይኮግ ላብስ የሚባል ድርጅት አቋቋመ። ሶፊያ የምትባለው ሮቦት በዓለም ዙሪያ ስትታይ ከሶፍትዌሯ ሥራ ከፊሉ የተሠራው በዚሁ ድርጅት በሚሠሩ የእኛው ልጆች ነው። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ለሶፊያ ዜግነት ሰጠች። (ስንትና ስንት ሰው ዕድሜውን ሙሉ በስደት አገልግሎ ያላገኘውን ዜግነት ለማሽን መስጠት ምን ማለት ነው የሚለውን ጥያቄ ለሌላ ቀን ላቆየው።) በሰኔ 2010 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ አዲስ አበባ መጣች። አማርኛ እንድትናገር ተዘጋጅታ ነበር፤ ዳሩ ግን የአካል ክፍሏ ያለበት ሻንጣ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጠፋ ተብሎ በዓለም ዜና ተነገረ። ማሽንም እንደ እኛ በሻንጣ ትጉላላለች ብለን ስቀናል። የኋላ ኋላ ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጋር ተገናኝታለች።

አሁን ሶፊያን እንደ አንድ ማስፈራሪያ ፈታተን እንያት። ሰው የሚመስለውን የፊቷን አሠራርና እንደ ሥጋ የሚሸበሸበውን ቆዳዋን የፈጠረው አሜሪካዊው ዴቪድ ሀንሰን ነው፤ ፊትን በሰው አምሳል ለማንቀሳቀስ በሚያገለግለው ዘዴ ላይም በስሙ ፓተንት አለው። ከአእምሮዋ ጋር የተያያዘው ኦፕንኮግ የተባለው ፕሮግራም ግን ማንም ወስዶ እንዲያነበውና እንዲያሻሽለው በነፃ የተለቀቀ ነው። በአንድ ገላ ላይ ፊቱ የተመዘገበ፣ አእምሮው የተለቀቀ! በተለቀቀው ክፍል ላይ የሠሩት ወጣቶች ስም የሚገኘው የፕሮግራሙ መዝገብ ውስጥ ነው፤ መዝገቡን የሚከፍተው ደግሞ ባለሙያ ብቻ ነው። በቴሌቪዥን የታየው ፊቱ ነው። ነፃ መልቀቅ መልካም ሥራ መሆኑን አልክድም፤ የእህቴ ልጅ የተጠቀመባት አርዱዊኖ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2005 በጣሊያኗ ኢቭሪያ ከተማ ተጀምራ ንድፏ ለዓለም በነፃ ባይለቀቅ ኖሮ ማስፈራሪያው አይኖርም ነበር። ሆኖም በነፃ የሰጠ ሰው ስሙም አብሮ መሰጠት አለበት የሚል ሕግ የለም።

የአገራችን ሕግ በዚህ ላይ ምን ይላል? ፍርሃቴ ካለማወቅ የመጣ መሆኑን የተረዳሁት አዋጁን ፈልጌ ካነበብኩ በኋላ ነው፤ እንደ እኔ ያላነበበ ካለ ይጠቀምበታል ብዬ ጥቂት ልበል። የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123 የወጣው በ1987 ዓ.ም. ነው። አዲስ ለሆነ፣ የፈጠራ ብቃት ላለውና በሥራ ላይ ሊውል ለሚችል ፈጠራ ለ15 ዓመት ፓተንት ይሰጣል፤ ፈጠራው በአገር ውስጥ እየተሠራበት ከሆነ 5 ዓመት ሊጨመርለት ይችላል። ለአነስተኛ ፈጠራ ደግሞ የ5 ዓመት ሰርተፍኬት አለ፤ እሱም ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። የእንጨቱ ሰው የሚገባው እዚህ ይመስለኛል። የኮምፒውተር ፕሮግራም ለብቻው ፓተንት አያገኝም፤ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ግን እንደ ድርሰት ይጠበቃል። የሐረሯ ቤተልሔም ደሴ ገና በልጅነቷ አራት ፕሮግራሞችን በስሟ አስመዘገበች ተብሎ የተዘገበውም በዚሁ በቅጂ መብት ነው፤ ወሬው በየሰፈሩ ሲደርስ «ፓተንት» ሆኗል እንጂ።

አዋጁ ውስጥ ያስገረመኝ «የአስገቢ ፓተንት» የሚለው ነው። በውጭ አገር ፓተንት ያለውን፣ በኢትዮጵያ ግን ያልተመዘገበን ፈጠራ ወደ አገር አስገብቶ ሥራ ላይ ለሚያውል ሰው እስከ 10 ዓመት የሚደርስ መብት ይሰጣል። መጀመሪያ ላይ «ይህማ የሰው ሥራ መውሰድ አይደለምን?» ብዬ ነበር። ኋላ ግን ፓተንት የሚሠራው በተሰጠበት አገር ብቻ መሆኑን አስታወስኩ። በአሜሪካ ብቻ የተመዘገበ የሮቦት ፓተንት አዘና ላይ ማንንም አያስርም፤ ሰነዱም ለማንበብ ክፍት ነው። ዘመናቸው ያለፈባቸው የእነ ዴቮልና የእነ ኢንግልባርት ሰነዶች ከነሥዕላቸው እንደ አል ጀዘሪ ኪታብ ተከፍተው ተቀምጠዋል። እኛ ይሰርቁናል ብለን ጆንያ ስናለብስ፣ የዓለም ብልሃት አንባቢ አጥቶ ይጠብቀናል።

የእኛ ዑለማም ጉዳዩን ሳይመረምሩት አላለፉም። የጥንቶቹ የፊቅህ ሊቃውንት ንብረት የሚባለው የሚጨበጠው ነገር ብቻ ነው ወይስ ጥቅምም ንብረት ነው በሚለው ላይ ተለያይተዋል፤ የሐነፊ መዝሀብ ወደ መጀመሪያው ያደላል፣ አብዛኞቹ ወደ ሁለተኛው። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1988 ኩዌት ላይ ባደረገው 5ኛ ጉባኤው የድርሰትና የፈጠራ መብት ዋጋ ያለው የባለቤቱ ሐቅ መሆኑንና ሊደፈር እንደማይገባ ወስኗል። ስለዚህ ማስመዝገብ ስስት ነው የሚሉ ወንድሞች ቢያስቡበት ደግ ነው። ማስመዝገብ መደበቅ አይደለም፤ ከጆንያ ይሻላል።

ይሁንና ሐቅ የሚባለው የባለቤቱ ከሆነ፣ ባለቤቱን በትክክል መለየት ግድ ነው። እኔን ያስጨነቀኝ የመጨረሻው ነገር ይህ ነው። ልጁ አንድ ቀን ቅጹን ይዞልኝ መጣ። «የፈጣሪው ስም» የሚለው ቦታ ላይ የራሱን ስም ጽፎበታል። የሠራው እሱ ነው፤ ሽቦውን የቀጠለው፣ ፕሮግራሙን የጻፈው፣ እንቅልፍ ያጣው እሱ ነው። ነገር ግን ያለ አያቱ ቃል ማሽኑ በአራተኛው ቀን የሞተ ማሽን ነበር። «አንድ ጩኸት ሁለት ጊዜ አይጮህም» የሚለው ነው ማስፈራሪያውን ማስፈራሪያ ያደረገው። ዕውቀቱ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ማማ ላይ ውላ ያገኘችው ነው። እሷስ ከማን ተማረችው? ከእናቷ ይሆናል። እናቷስ?

እንዲህ እየቆጠርን ወደ ኋላ ከሄድን መጨረሻ የለውም፤ መጨረሻ የለውም ብለን ከተውነው ደግሞ የመጨረሻው ሰው ሁሉንም ይወርሳል። በመድረሳችን ግን ለዚህ የቆየ ልማድ አለን። አንድ ደረሳ ኪታብ ቀርቶ ኢጃዛ ሲሰጠው፣ ኢጃዛው ላይ የሼሁ ስም፣ የሼሁ ሼህ ስም እየተባለ የአስተማሪዎቹ ሰንሰለት ይጻፋል። ደረሳው ኪታቡ የእኔ ነው አይልም፤ ያስተማሩትንም አይክድም። የፓተንት ሰነድም ቀድመው የተሠሩትን መጥቀስ አለው፤ የሚጠቅሰው ግን የተጻፈውን ነው። ያልተጻፈውን የእናቴን ዕውቀት ማን ይጠቅስላታል? ማሽኖች ከሰው ንግግር እየተማሩ በሚሠሩበት በዛሬው ዘመን ጥያቄው የእናቴ ብቻ አይደለም። አማርኛ የምትናገር ማሽን አማርኛን የተማረችው ከእኛ አንደበት ነው። አውኚ የሚናገር ማሽን እኔ እስከ ዛሬ ያየሁት ያው አንዱን ማስፈራሪያ ነው፤ የሚናገረውም በእናቴ ድምፅ ነው። ልጁ «ድምፅሽን ልቅዳው?» ብሎ ጠይቋታል። «ስምሽን ልጻፈው?» ብሎ ግን አልጠየቃትም።

ይህንኑ ነገርኩት። ተቆጣኝ ማለት ይቻላል፤ በትሕትና ነው የተቆጣኝ። «ጋሼ፣ አምና ደብቀው አሉኝ፤ ዘንድሮ ለሁለት ክፈለው ይሉኛል። እኔ መቼ ነው የምሠራው?» አለ። መልስ አልነበረኝም። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «እሷን እንጠይቃት» ብሎ ተነሣ። አዋጁ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች በጋራ የፈጠሩትን የጋራቸው ያደርገዋልና ቅጹ ቦታ አላነሰውም።

እናቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ጉዳዩን እስከ መጨረሻው አዳመጠችን። ገንዘብ ያለው መሆኑን አልጠየቀችም። የጠየቀችው «ይህ ወረቀት ስንት ዓመት ይቆያል?» ብላ ነው።

«አምስት ዓመት፤ ሲታደስ አስር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በኋላ የሁሉም ሰው ይሆናል።»

«አስር ዓመት ሙሉ የጎረቤቶቻችንን በቆሎ ማን ይጠብቃል? ያ ማማ ላይ የሚውለው ልጅ እኮ አስር ዓመት ሲሞላው ጢም ያወጣል» አለች።

ባለመብቱ ለፈለገው ሰው መፍቀድ እንደሚችል አስረዳናት። እኔ ለጎረቤት በመጠነኛ ዋጋ ይሰጥ አልኩ፤ ልጁ የባትሪውን ዋጋ ብቻ ይክፈሉ አለ፤ እናቴ ደግሞ ባትሪ የሌለው ምን ይሁን አለች። በዚህ ገና አልተስማማንም። ለጊዜው በአይጥ የተበላውን ሽቦ ቀይሮ፣ ማስፈራሪያውን አጥር ለአጥር በምንገናኘው ጎረቤታችን ማሳ ላይ አቁሞታል። በቆሎው አሁን ጉልበት ድረስ ነው። ዝንጀሮዎቹ ከወንዙ ማዶ ሆነው ያዩታል ይላል ልጁ።

ቅጹ ግን አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሁለተኛው መስመር አልተጻፈም። እናቴ እሺ ብላለች፤ የቀረው የትኛው ስሟ ይጻፍ የሚለው ነው። አባቷ ያወጡላት በአውኚ ነው፤ መታወቂያዋ ላይ ያለው ሌላ ነው። «መታወቂያው ላይ ያለችውን ሴትዮ እኔ አላውቃትም፤ ዝንጀሮም ጠብቃ አታውቅም» ትለናለች።